ናሽናልስ ጄምስ ዉድን አሁን ካላስፈረመ መቼ?

የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ክለብ የናሽናልስ የ2025 ሲዝን በ66 ድልና በ96 ሽንፈት፣ በምድቡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ አለቀ። የ2019ን ዋንጫ ያመጡት ጄኔራል ማናጀር ማይክ ሪዞና ማናጀር ዴቭ ማርቲኔዝ ጁላይ 6 በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ከኮሎራዶ ቀጥሎ በሜጀር ሊግ ብዙ ነጥብ የገባባቸው ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) የኛዎቹ ናቸው። ስለ ሜዳው ውሎ ይህ ይበቃል። ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን መስመር ይዞ ኔቪ ያርድ ወርዶ ጨዋታ የሚያይ ሁሉ የቀረውን በዓይኑ አይቶታል። እኔን የሚያሳስበኝ ውሉ ነው፤ በተለይ ገና ያልተፈረመው የወጣቱ መቺ የጄምስ ዉድ ውል።

መጀመሪያ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ 172። አንድ ተጫዋች በሜጀር ሊግ ስም ዝርዝር ወይም በጉዳት ዝርዝር ላይ 172 ቀን ካሳለፈ አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠርለታል። ሦስት ዓመት እስኪሞላው ደሞዙን የሚወስነው ክለቡ ነው፤ የ2025 ዝቅተኛው ክፍያ 760,000 ዶላር ነበር። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ አርቢትሬሽን ይመጣል። ካልተስማሙ ተጫዋቹ አንድ ቁጥር፣ ክለቡ ሌላ ቁጥር ያቀርባል፤ ሦስት ዳኞች ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ እንጂ መሃል ላይ አያስታርቁም። ስድስት ዓመት የሞላው ነፃ ሆኖ ለፈለገው ክለብ ይፈርማል።

በዚህ ሥርዓት አንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ነው። በ2015 ቺካጎ ካብስ ክሪስ ብራያንትን ሲዝኑ ከተጀመረ በኋላ በማይነር ሊግ (በታችኛው ሊግ) ጥቂት ቀን አቆይቶ ስላወጣው 171 ቀን ተቆጠረለት። ለአንድ ቀን ሲባል ነፃ የሚወጣበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ። አቤቱታ አቀረበ፤ በ2020 ተፈረደበት።

ዉድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ጁላይ 1 ቀን 2024 ነው። እስከ ሲዝኑ መጨረሻ 91 ቀን ያዘ፤ 2025ን ሙሉ ተጫወተ። ስለዚህ ከ2025 በኋላ በእጁ ያለው አንድ ዓመት ከ91 ቀን ነው። ከ2026 በኋላ ሁለት ዓመት ከ91 ቀን ይሆንለታል። ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ቀድመው አርቢትሬሽን የሚገቡ ጥቂቶች አሉ፤ ሱፐር ቱ ይባላሉ፤ መቁረጫው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ከ115 ቀን በላይ ስለሆነ ዉድን የሚደርስ አይመስለኝም። እንግዲህ 2026 እና 2027ን በዝቅተኛው ደሞዝ አካባቢ ይጫወታል፣ ከ2028 እስከ 2030 አርቢትሬሽን፣ ከዚያ በ28 ዓመቱ ይሄዳል። ልጁ የሮክቪል ተወላጅ፣ ያደገውም እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ ይህ ግን ውል ላይ አንድ ዶላር አያስቀንስም።

የቀድሞውን ተጫዋቻችንን የሁዋን ሶቶን ነገር ብዙ ሰው አሁንም በቁጭት ያነሳዋል። በ2022 የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ቀርቦለት እምቢ አለ፤ ኦገስት 2 ለሳንዲያጎ ተሰጠ፤ በዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለተመሳሳይ 15 ዓመት 765 ሚሊዮን ፈረመ። ሶቶ ልክ ነበር። ክለቡም አሳልፎ በመስጠቱ አልተሳሳተም፤ ዉድ፣ ሲጄ አብራምስና ማኬንዚ ጎር የመጡት በዚያ ልውውጥ ነው። ስህተቱ የተሠራው ቀደም ብሎ ነው። ሶቶ በ2018 በ19 ዓመቱ ወደ ሜጀር ሊግ ሲወጣና ደሞዙ ዝቅተኛው ላይ ሳለ ነበር የሚለመነው። ያ 440 ሲቀርብለት በዓመት 17.1 ሚሊዮን ያገኝ ነበር፤ ነፃ ለመውጣትም የቀረው ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ባለቤቶቹ ረጅም ውል የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ስቲቨን ስትራስበርግ ከ2019 ዋንጫ በኋላ የሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ከአንገትና ከትከሻ መካከል ነርቭ በሚጨመቅበት ሕመም ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ አልተመለሰም፣ በ2024 ጫማውን ሰቀለ። የቤዝቦል ውል ዋስትና ያለው ስለሆነ ተጎዳ ተብሎ አይሰረዝም፤ በ2025 በክለቡ የደሞዝ ዝርዝር ላይ ትልቁ ቁጥር የማይጫወተው ሰው 35 ሚሊዮን ነበር። የማክስ ሸርዘር 210 ሚሊዮን ደግሞ ግማሹ ለኋላ የተላለፈ ስለሆነ፣ በ2021 ለዶጀርስ ከተሰጠ በኋላም እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፈለዋል። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም። ወለድ ሳይጨመርበት የሚዘገይ ክፍያ ለክለቡ ርካሽ ብድር ነው፤ ሸርዘርም ለእያንዳንዱ ዶላር ሠርቶበታል። ፓትሪክ ኮርቢንም ቢሆን በ140 ሚሊዮኑ መጨረሻ ብዙ ተሰደበ እንጂ፣ የ2019ን የዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ነጥብ ሳያስገባ አሸናፊ ሆኖ የወጣው እሱ ነው።

ከእነዚህ የሚወሰደው ግን ረጅም ውል መጥፎ ነው የሚለው አይደለም። ሦስቱም ፒቸሮች ናቸው፤ ሁሉም በሠላሳ ዓመታቸው አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሆነው፣ በገበያ ዋጋ ነው የፈረሙት። የ23 ዓመት መቺ ሌላ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሁን? ቅርብ መለኪያ አለ። ቦስተን ሮማን አንቶኒን በኦገስት 2025 በስምንት ዓመት 130 ሚሊዮን አስፈረመው፤ ልጁ ገና የመጀመሪያ ሲዝኑን አልጨረሰም ነበር። አዲሱ የኛ የቤዝቦል ኃላፊ ፖል ቶቦኒ የመጣው ከዚያው ከቦስተን ስለሆነ መንገዱን ያውቀዋል። ሳንዲያጎም ጃክሰን ሜሪልን በዘጠኝ ዓመት 135 ሚሊዮን አስሯል። ዉድ ከሁለቱ የበለጠ ኃይል ያሳየ ሲሆን አንድ ሙሉ ሲዝንም ተጫውቷል፤ ስለዚህ በእኔ ግምት ከ2026 እስከ 2033 ስምንት ዓመት፣ 160 ሚሊዮን ገደማ ተገቢ ነው። የሚገዛው ሁለት ርካሽ ዓመት፣ ሦስት የአርቢትሬሽን ዓመትና ሦስት የነፃነት ዓመት ነው። ዋናው ገንዘብ ያለው በመጨረሻዎቹ ሦስት ላይ ነው፤ ወኪሉም የሚጣላው በእነሱ ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ 31 ዓመቱ ስለሆነ ሌላ ትልቅ ውል የመፈረም ዕድል አይዘጋበትም። ለቅንጦት ግብሩ (የደሞዝ ጣሪያውን ያለፈ ክለብ ለሚከፍለው) የሚቆጠረው አማካዩ፣ በዓመት 20 ሚሊዮን ነው። የ2026 ጣሪያ 244 ሚሊዮን በሆነበት፣ ናሽናልስም ከጣሪያው እጅግ በራቀበት፣ ይህ ማንንም አያስጨንቅም።

የሚያስፈራው ስትራይክአውቱ፣ ማለትም ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት መውጣቱ ነው። ዉድ በ2025 31 ሆምረን (ከሜዳ የሚወጣ ምት) መታ፤ 24ቱ ግን ከኦል ስታር ዕረፍት በፊት ነበሩ። 221 ጊዜ በስትራይክአውት ወጣ፤ ማርክ ሬይኖልድስ በ2009 ያስመዘገበው ሪከርድ 223 ነው። በጁን ኤንጀልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ወደ አንደኛ ቤዝ አሳለፉት፤ ከባሪ ቦንድስ 2004 ወዲህ ያልታየ ነገር ነው። ፈርተውት ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ግን መፍራቱን ተዉ። ቀድሞ ማስፈረም ሁልጊዜ እንደማይሠራም ማስረጃ አለ፤ ክርስቲያን ካምቤል ከቦስተን ጋር በኤፕሪል 2025 የስምንት ዓመት 60 ሚሊዮን ፈርሞ በጁን ማይነር ሊግ ወረደ። የኛው ኬበርት ሩዪዝም የስምንት ዓመት 50 ሚሊዮን ውል እያለው 2025ን በጭንቅላት ጉዳት ሳይጨርስ ቀረ፤ አንዱ ኳስ ያገኘው በዳግአውት (ተጫዋቾች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ) ሳለ ነው። ግን ልብ በሉ፦ 50 ሚሊዮን በስምንት ዓመት ሲከፋፈል ክለብ አያፈርስም። የ245 ሚሊዮን ስህተት ነው የሚያፈርሰው።

እየተሸነፍን በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) እናድጋለን የሚለውም ቢሆን ገደብ አለው። በ2025 አንደኛ ተመርጦ የ17 ዓመቱ ኢላይ ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ፤ ለቦታው የተመደበው ከ11 ሚሊዮን በላይ ስለነበር ትርፉ ኋላ ለተመረጡት ዋለ። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ገቢ ለሌሎች የሚያካፍል ክለብ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች በሚያድለው ሎተሪ ሁለት ዓመት ተከታትሎ መውጣት አይችልም፤ ከ10ኛው ተራ ቀድሞ መምረጥም አይፈቀድለትም። ለ2024 ድራፍት በዚህ ምክንያት 10ኛ ተቀመጥን።

በቴሌቪዥን ገቢ ማመካኘቱም አብቅቷል። ከባልቲሞር ኦሪዮልስ ጋር በጋራው የቴሌቪዥን ጣቢያ በማስን ላይ ለዓመታት የቆየው ክርክር በማርች 2025 ተቋጨ፤ ከ2025 ሲዝን በኋላ የሥርጭት መብቱን ክለቡ ራሱ ይሸጣል።

እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙ ጊዜ የሚፈረሙት ከስፕሪንግ ትሬኒንግ (ከሲዝኑ በፊት ካለው ልምምድ) እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ዉድ ኤፕሪልን በአሥር ሆምረን ከጀመረ የእኔ 160 ሚሊዮን ቀልድ ይሆናል። የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ስምምነትም ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል፤ የአገልግሎት ዓመት ሕግ ከተለወጠ ዛሬ የምንቆጥረው ቀን ሁሉ እንደገና ይተመናል። ለአብራምስ ግን ጊዜው ያለፈ ይመስለኛል። አርቢትሬሽን ገብቷል፣ ከ2028 በኋላም ነፃ ነው። ልክ እንደ ሶቶ ዋጋ እያለው ይሸጥ።