እምብርት የሌለው ልጅና የልምምዴ ሦስተኛ ወር

ትወና ለብቻዬ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። አስተማሪ የለኝም። ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ስልኬን በርጩማ ላይ አቁሜ ራሴን እቀርጻለሁ። በዚህ ወር አንድ ተዋናይ ብቻ ይዤ ከረምኩ፤ ማት ዳላስን።

«ካይል ኤክስዋይ» የሚባለውን የወጣቶች ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካይል የሚባለውን ልጅ የሚጫወተው እሱ ነው። ላላያችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ራቁቱን ጫካ ውስጥ ይነቃል። ስሙን አያውቅም፤ አፉን አልፈታም። እምብርትም የለውም። እናት አልወለደችውማ! ሳይንቲስቶች ፈሳሽ በሞላበት ማቀፊያ ውስጥ ነው ያሳደጉት። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ቤቷ ትወስደዋለች። እዚያም አልጋ ትቶ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። ይቺን ነገር ስወዳት!

ድራማው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ጀምሮ በ2009 ተቋረጠ። ሦስት ምዕራፍ፣ 43 ክፍል። ታሪኩን እንዳንጠለጠሉብን ነው የቀሩት። ዳላስ ሲጀምር 23 ዓመቱ ነበር። እምብርቱን በሜካፕ ይሸፍኑለታል። እሱስ ቀላል ነው፤ ከባዱ ዓይኑ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ቀሽም ነበር። እንደ ካይል ማንኪያ አይቶ የማያውቅ ሰው ልሁን ብዬ ማንኪያ ይዤ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ አፌን ከፍቼ እንደ ጉድ አገላብጠዋለሁ። ለእህቴ አሳየኋት። «ምን ሆነህ ነው? ያመመህ እኮ ነው የምትመስለው» ብላ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። ግን እውነቷን ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት። ያኔ ገባኝ። ምንም የማያውቅ ሰው አይገረምም። ለመገረም እኮ መጀመሪያ የተለመደውን ማወቅ አለብህ። እኔ የተጫወትኩት ማንኪያ አውቆ የረሳ ሰው ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ታንኳ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ እንደማላውቀው ሆኜ ለማየት ነው የሄድኩት። መጀመሪያ አልሆነልኝም፤ «ታንኳ» የሚለው ቃል ከዓይኔ ቀድሞ ይመጣል። ቆይቼ ቆይቼ ቃሉ ሲለቀኝ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። ደንገሉን በተረከዛቸው ይረግጡታል፣ ገመዱን ወደ ደረታቸው ይስባሉ፣ ደንገሉ ሲጠብቅ ሲጥ ይላል። ያችን ድምፅ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቻት አላውቅም።

«አንተ ልጅ፣ ታንኳ አይተህ አታውቅም እንዴ?»

«ልምምድ ላይ ነኝ፣ አባባ።»

«ከሆነስ ና፣ ይሄን ያዝ» ብለው የገመዱን ጫፍ ሰጡኝ። ሲስቡት መዳፌን ላጠው። ልምምድ ይሉሃል ይሄ ነው።

ማታ ማንኪያውን እንደገና ያዝኩ። በዚህኛው ፊቴን ተውኩት። ሲጥ ይል እንደሆነ ብቻ ጠበቅኩ። እህቴ አይታ አልሳቀችም። «ምን እያሰብክ ነው?» አለችኝ። አቤት ደስታዬ!

ሌላም ዘዴ ሰርቄያለሁ። ድራማው ላይ የካይል ሐሳብ ከጀርባ በራሱ ድምፅ ይተረካል። ሐሳቡን ድምፁ ስለሚነግረን ፊቱ ለማስረዳት አይደክምም። እኔም ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሐሳቤን ቀዳሁና በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ተጫወትኩ። ብርድ ልብሱ የባጃጁን ጡሩምባ አላስቀረልኝም እንጂ ሠርቷል።

ከካይል በኋላ ዳላስ ምን ሆነ ለምትሉ፣ «ኢስትዊክ» የሚባል ድራማ ውስጥ ገባ፤ እሱም ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም። የኬቲ ፔሪ ክሊፕ ላይ ወታደር ሆኖ ታይቷል። ካይል ላይ እንደ ወንድሙ የነበረው ዣን ሉክ ቢሎዶ በሚመራው ኮሜዲም በእንግድነት ብቅ ብሏል። እንደ ካይል የገነነበት ሥራ ግን አላገኘም። አንዳንዶች ይሄን እንደ ውድቀት ያዩታል፤ እኔ አይመስለኝም። ቃል ሳይናገር ያን ያህል ሰው ስክሪን ላይ ያስቀረ ተዋናይ ብዙ አላየሁም።

የሚቀጥለው ወር ሥራዬ የመጀመሪያ ቃል ነው፤ አፉን ያልፈታ ሰው የመጀመሪያዋን ቃል ሲያወጣ። አፍ የሚፈታ ሕፃን ቤቱ ያለ ሰው ካለ፣ ወላጆቹ ከፈቀዱ አንድ ከሰዓት መጥቼ ልቀመጥ። ብስኩት ይዤ እመጣለሁ።