ምሳ ዕቃው ባዶውን እንዲመለስ

የልጆቼን የምሳ ወጪ ለመቀነስ ስነሳ ከገበያ ዋጋ በፊት ያየሁት ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ምሳ ዕቃ ነው። ማታ ከማጠቤ በፊት ክዳኑን ከፍቼ ምን እንደተበላ፣ ምን ግማሹ እንደቀረ፣ ምን ጭራሽ እንዳልተነካ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በትንሽ ብር የተገዛ ምግብም ሳይበላ ከተመለሰ ውድ ነው። ገንዘቡ ሄዷል፣ ልጁም ሲርበው ውሏል። ቤት ሲገባ ደግሞ ያገኘውን ብስኩት ሁሉ ያነሳል።

ደብተሩ ላይ በብዛት የሚመላለሰው ብርቱካን ነበር። ትንሹ ልጄ ብርቱካን ይወዳል፤ ቤት ውስጥ ከሰጡት ሁለትም ይበላል። ትምህርት ቤት የሄደው ግን እንደሄደ ይመለሳል። ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት። «እማዬ፣ ልጣጩ እምቢ ይለኛል፤ እጄም ይጨማለቃል። ሌሎቹ ደግሞ ጥለውኝ ለጨዋታ ይወጣሉ» አለኝ። ነገሩ ከጣዕም ጋር ምንም አይገናኝም። ከዚያ ወዲህ ብርቱካኑን ልጬ፣ ፍልቃቂውን ለያይቼ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ እልክለታለሁ። ተበልቶ ይመለሳል። ያው ብርቱካን ነው፣ ዋጋውም ያው ነው።

ታላቂቱ የምትተወው ሳንድዊቹን ነበር። የቲማቲሙ ውሃ ዳቦውን ያርሰውና እስከ ምሳ ሰዓት ይላቁጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዳቦውን ውስጥ ውስጡን ስስ አድርጎ ቅቤ መቀባት፤ ቅባቱ እርጥበቱን ይይዘዋል። ቲማቲሙን ደግሞ ፍሬውንና ውሃውን አውጥቶ ለብቻው መቋጠር። ሌላው ዳቦ የሚያበላሸው ነገር የምሳ ዕቃውን ክዳን በትኩሱ መግጠም ነው። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ይሆንና ተመልሶ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል። እንቁላሉም ሆነ ድንቹ በደንብ ሳይበርድ ዳቦ ውስጥ አላስገባም።

እንግዲህ ልጆች ምግብ ሲመልሱ «መራጭ ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። እኔ ግን ስጠይቅ ያገኘሁት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ ክዳኑ አይከፈትም፣ ሩዙ ደርቋል፣ ሰዓቱ አይበቃም፣ ማንኪያ አልተላከም። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ስገዛ መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ በዚያው ዕቃ ምሳቸውን ይበላሉ። ትንሹ ብቻውን ከፍቶ ብቻውን መግጠም ካልቻለ ያ ዕቃ ትምህርት ቤት አይሄድም። ብዙ ክፍል ያላቸው፣ ሥዕል ያለባቸው ውድ ምሳ ዕቃዎች የግድ አይደሉም። በደንብ የሚገጥም አንድ ዋና ዕቃና ሁለት ትናንሽ ባለ ክዳን ዕቃዎች ይበቃሉ።

ወጪውን በትክክል የቀነሰልኝ የምሳውን ምግብ ከእራቱ ጋር ማብሰሌ ነው። ለምሳ ብዬ ለብቻው አልገዛም፣ ለብቻውም አላበስልም። ማታ ምስር ከተሠራ ትንሽ ይጨመርና የነገው ምሳ ከድስቱ ላይ ቀድሞ ይነሳል። ቀድሞ ይነሳል የምለው በምክንያት ነው። ከእራት በኋላ የሚተርፈውን ልቋጥር ካልኩ አንዳንድ ቀን የሚተርፍ ነገር የለም፤ ጠዋት ተሯሩጦ የሚገዛው ደግሞ ሁልጊዜ ውድ ነው።

የሳምንቱ ምሰሶ ጥራጥሬና እንቁላል ናቸው። ደረቅ ምስር፣ ሽምብራና ቦሎቄ በቆርቆሮ ታሽጎ ከሚሸጠው ይረክሳሉ፤ ሲበስሉም ውሃ ጠጥተው ክብደታቸው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ምስር መዘፍዘፍ እንኳን አያስፈልገውም። ሽምብራና ቦሎቄ ግን ማታ ተዘፍዝፈው ማደር አለባቸው። ቦሎቄ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በተለይ ቀዩ። ጥሬው ሆድ የሚያውክ የተፈጥሮ መርዝ አለው፤ ለስ ባለ እሳት ቢውልም አይጠፋም። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቼ፣ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በደንብ አንተከትከዋለሁ። ከዚያ እስኪለሰልስ እሳቱን ቀነስ አደርጋለሁ። አንዴ ብዙ ቀቅሎ በየድርሻው ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ጊዜም ማገዶም ይቆጥባል።

እንቁላል አንዱ ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። የተቀቀለ እንቁላል ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ እሁድ መቀቀል ነው። ምስር ስቋጥር አብሬው ብርቱካን ወይም ትንሽ ቲማቲም አደርጋለሁ። በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት በደንብ የሚወስደው ቫይታሚን ሲ ሲያገኝ ነው። ሻይ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ለዚህ ነው ለምሳ ሻይ የማልልከው፤ የሚጠጡት ውሃ ነው።

አሁን ወደምጨነቅበት ነገር ልምጣ። ርካሽ ምሳ ብሎ ነገር ልጁን ካሳመመ ትርጉም የለውም። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መሐል ነው። የበሰለ ምግብ በዚህ ሙቀት ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ጠዋት የተቋጠረ ምሳ ግን እስኪበላ ድረስ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ምግቡ ወይ በጣም ትኩስ፣ ወይ በጣም ቀዝቃዛ ሆኖ መሄድ አለበት። ለብ ያለ ነገር አልቋጥርም።

ትኩሱ በፔርሙስ ነው የሚሄደው፤ አፈ ሰፊ ሲሆን ለልጅ ይመቻል። የፈላ ውሃ ሞልቼ ከድኜ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ። ውሃውን ደፍቼ፣ እንፋሎቱ ቦግ ቦግ የሚለውን ምግብ እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ፔርሙስ ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ አያሞቅም። ቀዝቃዛ ፔርሙስ ውስጥ የገባ ምግብ ሙቀቱን ለብረቱ ይሰጥና ምሳ ሰዓት ላይ ለብ ብሎ ይገኛል። ለቀዝቃዛው ደግሞ የውሃ መጠጫውን ትንሽ ጎደል አድርጌ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከምሳ ዕቃው ጎን ይቀመጣል። ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ የሚጠጣ ውሃም ይሆናል።

ሩዝን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቤት ድስቱ ምድጃው ላይ ሲያድር አይቻለሁና። ሩዝ ላይ ያለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል። ሩዙ ተከድኖ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ይራባና መርዝ ያመነጫል፤ ያ መርዝ ደግሞ ዳግም ቢሞቅም አይጠፋም። እኔ ለምሳ የሚሆነውን እንደበሰለ ሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በርዶ ፍሪጅ ይገባል። ጠዋት ትንሽ ውሃ ረጨት አድርጌ በደንብ አሞቀዋለሁ፤ ያኔ አይደርቅም። ፍሪጅም ፔርሙስም በሌለበት ቀን የሚቋጠረው የማይበላሸው ነው፦ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ ያልተላጠ ሙዝ። የለውዝ ቅቤ ግን ትምህርት ቤቱ መፍቀዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አለርጂ ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ካለ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወይን በቁመቱ ለአራት መሰንጠቅ አለበት፤ ድፍኑ ጉሮሮ ይዘጋል። ጥሬ ካሮትም ተፈቅፍቆ ወይም ተቀቅሎ ነው የሚሄደው።

ከገበያ ጋር በተያያዘ ብዙ የምለው የለኝም። በኪሎ ስንት ነው ብሎ ማስላት ነው። በትንንሽ ከረጢት የታሸገውና «ለልጆች» ተብሎ የተጻፈበት ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው ለማሸጊያው ነው። እርጎ በትልቁ ገዝቶ በትንሽ ዕቃ መቀነስ ይሻላል፤ በእርግጥ በረዶው አብሮት መሄድ አለበት።

ከባዱ ነገር ጓደኞቻቸው ናቸው። አንድ ሰሞን ልጄ ምሳዋን ደብቃ እንደምትበላ ነገረችኝ። አጠገቧ የሚቀመጡት በየቀኑ የታሸገ ነገር ያመጣሉ። «የእኔ የቤት ምግብ ብቻ ነው» አለችኝ። ይህን ቀላል ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅ የሚያፍርበትን ምግብ አይበላም፤ ቢበላም አይጣፍጠውም። ስለ ገንዘባችን በሚገባት ልክ በግልጽ አወራኋት። ከዚያም አርብ የእሷ ቀን ሆነ። ለአርብ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ እመድባለሁ፤ በዚያ ልክ የፈለገችውን ትመርጣለች። አንዳንዴ ቺፕስ ነው፣ አንዳንዴ ኬክ። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ምግቡ አምሮ እንዲታይ እጥራለሁ። በኮከብ ቅርጽ ዳቦ መቁረጡ አይታየኝም፤ የሚጣለው ጠርዝ ይበዛል። ግን ንጹሕ ዕቃ፣ ያልተደባለቀ ምግብ፣ ቀይና አረንጓዴ ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልጅ ያያል። አሁን ጓደኛዋ የሽምብራውን ቁሌት እየለመነቻት ስለሆነ ትንሽ ጨምሬ እቋጥራለሁ።

ምርጫን በተመለከተ «ነገ ምን ይቋጠርልሽ?» አልልም፤ የሌለንን ትጠራለች። «ሩዝ ወይስ ፓስታ?» ነው የምለው። ራሷ የመረጠችውን ብዙም አትመልስም። አዲስ ምግብ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀርበው እራት ላይ ነው። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። ያ ልምምድ እናትና አባት አጠገብ እንጂ ትምህርት ቤት፣ ሰዓት እየሮጠ መሆን የለበትም። ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ነው። መጠኑም ትንሽ ነው፤ ለጨረሰ ልጅ ቤት ሲመጣ የሚጨመርለት አለ።

ሥራውን ማታ ነው የምጨርሰው። ቀዝቃዛው ተቋጥሮ ፍሪጅ ይገባል፣ ማንኪያው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ለጠዋት የሚቀረው ማሞቅና ፔርሙሱን መሙላት ብቻ ነው። የተመለሰ ነገር ካለም አሠራሩ ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ የዋለ የበሰለ ምግብ ቢያሳዝነኝም ይደፋል፤ ለእራት አይቀርብም። ያልተላጠ ፍራፍሬ ታጥቦ ይበላል። ደብተሩ ላይም ይጻፋል፣ ልጁም ይጠየቃል፣ የነገው ምሳ በዚያው ይስተካከላል።