ባዶ ከረጢት ለመረከብ ስንት ፊርማ ያስፈልጋል?

ጅማ ውስጥ ሆኖ ለነርሶችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች የመድኃኒትና የደም ሥር ፈሳሽ ደኅንነት ሥልጠና ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ይህን ያንብብ። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም ማለት አልችልም፤ ያስጠነቀቁኝ ብዙ ናቸው፣ ግን ሁሉም ስለ ሌላ ነገር ነበር። "የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ዕውቅና ማግኘት አበሳ ነው" አሉኝ። አልነበረም። "አበል ከሌለ ወንበር ነው የምታሠለጥነው" አሉኝ። ሰው መጣ። ጨጓራዬን የላጠው ጊዜው ያለፈበት ግሉኮስ ነው።

ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ሥልጠናውን አብረውኝ ያዘጋጁት ሲስተር፣ እኔ ፊደል ስቆጥር እርሳቸው መርፌ ይወጉ የነበሩ ነርስ ናቸው። ሐሳቡ የመጣው ከጭቅጭቅ ነው። መድኃኒት ሲበላሽ ወይም መጠኑ ሲዛነፍ ነርሷ "ፋርማሲ አልነገረንም" ትላለች፣ ፋርማሲስቱ "ዋርድ ላይ ምን እንደሚያደርጉት ማን ያውቃል" ይላል። ሁለቱም ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚሆን ሥልጠና በየፊናቸው ይወስዳሉ፤ ስለ አንዱ ሕመምተኛና ስለ አንዱ የፈሳሽ ከረጢት በሁለት አዳራሽ ይማራሉ። ሲስተር "እስቲ አንድ ክፍል ውስጥ እናስቀምጣቸውና ይናገሩ" አሉ።

ሌላው የተስማማንበት ነገር ስላይድ ላለማብዛት ነው። አምስቱን ትክክሎች፣ ማለትም ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድና ትክክለኛ ሰዓት፣ በቃሉ የማይወጣ ነርስ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከባድና ሊወገድ የሚችል የመድኃኒት ጉዳትን በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምርም የቸገረው የሚያነበንብ ሰው ማጣት አልነበረም። በእጅ የሚሠራ ሥልጠና እንዲሆን ፈለግን። ለዚህ ደግሞ ዕቃ ያስፈልጋል።

የቀረውን በአጭሩ ላሳልፈው። የሥልጠናውን ዓላማ፣ ይዘትና የምዘና ጥያቄዎች ጽፈን ዕውቅና ለሚሰጠው አካል አስገባን፤ ጥቃቅን እርማት ጠይቀው አጸደቁት። አዳራሽ ተገኘ። ቅዳሜን መረጥን። ለቡና የሚሆን ገንዘብ አዋጣን፤ ጅማ ላይ ቡና የሌለው ስብሰባ ማን ይቀመጣል?

አሁን ወደ ዕቃው።

በምሠራበት ሆስፒታል ጊዜያቸው ያለፈባቸው መድኃኒቶች ተለይተው የሚቀመጡበት ክፍል አለ። በደም ሥር የሚሰጡት ፈሳሾች፣ ኖርማል ሳላይን፣ ዴክስትሮስ (ግሉኮሱ)፣ ሪንገር ላክቴት፣ በካርቶን በካርቶን ሆነው እስኪወገዱ ይጠብቃሉ። ሕመምተኛ ላይ አይሰቀልም፤ ጠብታ ለመቁጠር ግን ከአዲሱ በምን ያንሳል? ጥቂት ከረጢቶች፣ የተለያዩ ኢንፊውዥን ሴቶች፣ ማለትም ፈሳሹን ከከረጢቱ ወደ ደም ሥር የሚያወርዱ ባለ መቆጣጠሪያ ቱቦዎች፣ እና ጊዜያቸው ያለፈባቸው ጥቂት ቫያሎች (የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች) እንዲሰጡን ጠየቅን።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ትሑት ሰው ናቸው። ወንበር ሰጡኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ "የኔ ወንድም፣ ይህ ንብረት ከመዝገብ አልወጣም። ከመዝገብ ያልወጣ ንብረት ደግሞ በዚህ ደብዳቤ አይወጣም" አሉኝ።

"መቼ ነው ከመዝገብ የሚወጣው?"

"የማስወገድ ኮሚቴው ሲሰበሰብ።"

"ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?"

"አባላቱ ሲሟሉ።"

በሌላ ቀን ስሄድ ደብዳቤው ለእርሳቸው ሳይሆን ለበላይ ኃላፊ መጻፍ እንደነበረበት ተነገረኝ። ለበላይ ኃላፊ ተጻፈ፤ "ይታይ" የሚል ጽሑፍ ተመርቶበት እዚያው ንብረት ክፍል ተመለሰ። አየ የተባለ ሰው ግን የለም። ቀጥሎ ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሙላ ተባልኩ። ሞላሁ። የሞዴል 20 መጠየቂያ ላይ የሚገባው በመጋዘን ካርድ ላይ ያለ፣ ለአገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ከዚያ ካርድ ወጥቶ ወደ ሌላ መዝገብ ተዛውሯል። ስለዚህ ቅጹ የሚጠይቀኝን ዕቃ መጋዘኑ የለውም፣ መጋዘኑ ያለውን ዕቃ ቅጹ አያውቀውም። ይህን ያስረዳችኝ የመጋዘን ሠራተኛ እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

"ባዶ የመድኃኒት አምፑልስ? እሱ ንብረት አይደለም" ብዬ በሌላ በር ሞከርኩ። እሱ ቆሻሻ ስለሆነ የኢንፌክሽን መከላከል ክፍልን ጠይቅ ተባልኩ። እነርሱም ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ የገባ ስለታም ነገር ተመልሶ አይወጣም አሉ። ይህኛው ክልከላ ትክክል ነበር፤ ተናድጄም ቢሆን አመንኩ። ለማስተማር ብሎ ሰው በተሰበረ አምፑል መቁረጥ ምን የሚሉት ደኅንነት ነው?

የሥልጠናው ቀን ደረሰ። ሲስተር ቦርሳቸውን ከፍተው "ና እንሂድ" አሉኝ፤ ከከተማው የግል ፋርማሲዎች ሳላይን፣ ዴክስትሮስ፣ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ፣ ካልሲየም ግሉኮኔትና ኢንፊውዥን ሴት በራሳችን ገንዘብ ገዛን። በአደገኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ምትክ የመርፌ ውሃ አምፑል ላይ "ለሥልጠና ብቻ" የሚል ወረቀት ለጥፈን ተጠቀምን። ካርቶን ሙሉ ሳላይን ለመወገድ ተራ እየጠበቀ እኛ ደህናውን ገዝተን ባልዲ ውስጥ አንጠባጠብነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሥልጠናው ራሱ ከጠበቅነው በላይ ሄደ። መጀመሪያ ፋርማሲስቶቹ ከረጢት እንዲሰቅሉና 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ጠብታውን እንዲያስተካክሉ ጠየቅናቸው። ሒሳቡን በፍጥነት ሠሩት፤ በ20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሞላ ሴት በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። እጃቸው ግን መቆጣጠሪያውን ሲያዞር አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ እንደ ቧንቧ ይፈሳል። ነርሶቹ ሳቁ። ከዚያ ለነርሶቹ ሌላ ዓይነት ኢንፊውዥን ሴት ሰጠናቸው፤ ማሸጊያው ላይ 15 ጠብታ በሚሊ ሊትር ይላል። አብዛኞቹ ማሸጊያውን ሳያነቡ 42 ቆጠሩ። በዚያ ፍጥነት ከረጢቱ 8 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ለሕፃናት በሚሆነው በ60 ጠብታው ምትክ ባለ 20 ጠብታው ተሰቅሎ ጠብታው በዚያው ቁጥር ቢቆጠር ወደ ሕፃኑ የሚገባው ፈሳሽ ከታሰበው ሦስት እጥፍ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንድ ፋርማሲስትም እጁን አውጥቶ "ሁለቱን ዓይነት ሴት ሳንነግራችሁ አደባልቀን የምንልከው እኛ ነን" አለ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥልጠናው ዋጋውን መለሰ።

ለተግባር የሚሆን አቋራጭ ይህ ነው፦ ፈሳሹ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሄድ ካወቃችሁ፣ በባለ 20 ጠብታ ሴት ለ3 አካፍሉት፣ በባለ 15 ለ4 አካፍሉት፣ በባለ 60 እንዳለ ውሰዱት። የሚወጣው በደቂቃ የሚቆጠረው ጠብታ ነው። ፓምፕ አለን የምትሉም ተማሩት። ጅማ ላይ ዝናብ ሲጥል መብራት እንደሚሄድ፣ የፓምፑም ባትሪ ሁልጊዜ እንደማይሞላ ታውቃላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ሴፍትሪያክሶንን ከካልሲየም ግሉኮኔት ጋር በግልጽ ሲሪንጅ ውስጥ ቀላቀልን። ደፈረሰ፤ ነጭ ሆነ። ሴፍትሪያክሶን ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር በአንድ መስመር አይሰጥም የሚለውን ሁሉም አንብበውታል፤ ሪንገር ላክቴት ውስጥ ካልሲየም እንዳለ ግን ብዙዎቹ ልብ አላሉም ነበር። አንዲት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሲሪንጁን ወደ መስኮት አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው። በእርግዝና ደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጠውን የማግኒዚየም ሰልፌት አበራረዝም በእጃቸው ሠሩ፤ ከ50 በመቶው 8 ሚሊ ሊትር፣ ከመርፌ ውሃ 12 ሚሊ ሊትር፣ በድምሩ 4 ግራም የያዘ 20 ሚሊ ሊትር። ፋርማሲስቶቹ እዚህ ላይ ተበቀሉ፤ ብልቃጡ ላይ በመቶኛ የተጻፈውን ወደ ግራም ለመለወጥ የተቸገሩት ነርሶቹ ነበሩ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ከማግኒዚየሙ ጎን ካልተቀመጠ መርፌው አይጀመር ብለን ተለያየን።

ከመመሪያ ጋር የማልስማማባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹትን፣ ማለትም ስሕተታቸው ከባድ ጉዳት የሚያደርሰውን መድኃኒቶች ሁሉ ሁለት ባለሙያ ያረጋግጥ የሚለው ነው። ሌሊት ሁለት ነርስ ብቻ ባለበት ዋርድ ሁሉንም ለሁለት አረጋግጡ ማለት ሁሉንም ሳታዩ ፈርሙ ማለት ነው። እኔ ኢንሱሊን፣ ፖታሲየም፣ ሄፓሪንና የሕፃናት መጠን ብቻ ይሁን እላለሁ፤ እነዚህ ግን እያንዳንዱ ለብቻው አስልቶ ይሁን እንጂ የጓደኛውን ወረቀት አይቶ አይሁን። ሁለተኛው ያልተበረዘ (ኮንሰንትሬትድ) ፖታሲየም ክሎራይድ ከዋርድ ሙሉ በሙሉ ይውጣ የሚለው ነው። መርሁ ትክክል ነው፤ ባለ 15 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር አምፑል 20 ሚሊሞል ይዟል፣ ሳይበረዝ ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል። ሌሊት ክፍት ፋርማሲ በሌለበት ግን ብታስወጡት ነርሶች ለአደጋ ጊዜ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ቀይ ምልክት ያለበት፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ የሆነ ሣጥን ይሻላል። ሲስተር በዚህ አይስማሙም፤ "ሣጥን ይረሳል፣ ቁልፍ ይጠፋል፣ ይውጣ" ይላሉ። እስካሁን አልተስማማንም።

የንብረት ክፍሉ ነገር ያለቀው ከሥልጠናው በኋላ ነው። ኮሚቴው ተሰበሰበ መሰለኝ፣ ተደወለልኝና "መጥተህ ተረከብ" ተባልኩ። ስፈርም ኃላፊው "ባዶውን ግን ትመልሳለህ" አሉኝ። ለምን ስላቸው በረጅሙ ተነፈሱ። በማስወገጃው ቀን ከረጢቱ ሲቆጠር ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ጉድለቱ በእርሳቸው ስም ይጻፋል፤ የኦዲት ጥያቄ ይመጣል፤ ዕዳ ይሆንባቸዋል። ያ ሁሉ ደብዳቤ፣ ያ ሁሉ "ይታይ"፣ ያ ሁሉ ሞዴል ለዚህ ነበር። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ በንብረት ጉድለት ሲንከራተት የኖረ ሰው አይቻለሁ። ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ያንን ወንበር ሲሰጡኝ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? የሲስተር ገንዘብ ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ "ለሥልጠና የሚውል ጊዜው ያለፈበት ዕቃ እንዲሰጠን" ብላችሁ አትጻፉ። ይልቅ "በጊዜያዊነት እንዲያስረክቡን" ብላችሁ ጻፉ። የዕቃውን ስም፣ የባች ቁጥሩንና ብዛቱን ዘርዝሩ። ሁሉም ከረጢትና ቫያል ላይ "ለሥልጠና ብቻ፣ ለሕመምተኛ አይሰጥም" የሚል ምልክት እንደምትለጥፉ፣ ከአዳራሹ ውጭ ወደ ዋርድ እንደማይገባ፣ ባዶውም ሆነ ያልተነካው በዝርዝር ተቆጥሮ ለማስወገጃው እንደሚመለስ ግለጹ። ተረካቢው በስም ይጠቀስ፤ "ክፍሉ" ብሎ የተጻፈ ተረካቢ ማንም አይቀበልም። ግልባጩን ለውስጥ ኦዲት አድርጉ። ከዚያ በኋላ የኦዲት ግልባጭ ያለበት ደብዳቤ ሲደርሳቸው ኃላፊው ራሳቸው ካርቶኑን አውርደውልኛል።