ጎመኑ ለምን አልበስል አለ?

«ይሄ ጎመንህ አልበስል አለኝ እኮ፤ ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ እናቴ። ገላን ውስጥ፣ ከባድ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ዳር ካለችው ጓሮዬ የቀጠፍኩላት ነው። ፍግም ውሃም አልጎደለበትም። ቅጠሉ ግን ትንሽና እንደ ቆዳ የደረቀ ነበር። መጀመሪያ የማዳበሪያ እጥረት መስሎኝ ዩሪያ ጨመርኩ። ገንዘቤን ነው ያባከንኩት።

ጥር ላይ አንዱን ቅጠል በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ጠቆረ። አቧራና ጥቀርሻ ብርሃን ይከልላል፤ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ የሚሠራው ስኳር ያንሳል። የሴል ግድግዳን እንደ ጭቃ ቤት አስቡት፦ ሴሉሎስ ማገሩ፣ ፔክቲን ጭቃው ነው። ማገሩ የሚሠራው ደግሞ ከዚያው ስኳር ነው፤ ስኳር ሲያንስ ቅጠሉ በደንብ አያድግም።

መደቡን ለሁለት ከፈልኩት። የግማሹን ቅጠል በየሁለት ቀኑ ማለዳ አጠብኩ፣ ግማሹን ተውኩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ የታጠበው ጎመን ቅጠል ሰፍቶ ለስልሶ ነበር። መደቡን ወደ ቤቱ ጀርባ አዛውሬ በመንገዱ በኩል ግራዋ ተከልኩ። ችግሩ ያለቀ መሰለኝ።

መጋቢት ላይ ግን ከጎመኑ አጠገብ የዘራሁት ፎሶሊያ ነጠብጣብ አወጣ። ነጥቦቹ ነሐስ የመሰሉ ደቃቅ ናቸው፤ የወጡት በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ላይኛ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ቀርተዋል። ቅጠሉን ገልብጬ አየሁ፤ ድርም ተባይም የለም። ይህ ኦዞን የሚባል ተክልን የሚጎዳ ጋዝ ምልክት ነው። ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም፤ የመኪና ጭስ ፀሐይ ሲመታው አየር ላይ ይፈጠራል። ስለዚህ ከመንገድ መራቅ አያስጥለውም፣ ውሃም አያጥበውም።

ኦዞን በቅጠሉ ቀዳዳ ገብቶ መጀመሪያ የሚያገኘው የሴሉን ግድግዳ ነው። እዚያ ያለው ቫይታሚን ሲ ይከላከለዋል። መከላከያው ሲያልቅ የሴሉ ሽፋን ይጎዳል፤ ተክሉም ግድግዳውን ሊግኒን በሚባለው፣ እንጨትን በሚያጠነክረው ነገር ያደድራል። የእናቴ ድስት ውስጥ አልበስል ያለውም ከአቧራው ሌላ ይህ ሳይኖርበት አይቀርም፤ በጎመን ላይ ግን ለይቼ አላየሁትም።

እንደገና ብጀምር ነጥቦቹን ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቼ በደብተር እመዘግብ ነበር። ጓሮ ውስጥ ቅጠል ማቃጠልም ትቻለሁ፤ ጭሱ ኦዞን ይጨምራል። ዘንድሮ ፎሶሊያውን ደመና በሚበዛበት በሰኔ ዘራሁት። ትናንት አሮጌዎቹን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገልጬ አየሁ፤ እስካሁን ንጹሕ ናቸው።