ማንም ሳይጥላቸው የተሰነጠቁ ዋንጫዎች

ሥራችን ላሜራን በቶርኖ እያሽከረከሩ ዕቃ ማውጣት ነው። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ላሜራ ከፎርማ ጋር ይታሰራል። ሲሽከረከር በረጅም መግፊያ እየተጫንን ፎርማውን እንዲለብስ እናደርገዋለን። ከምንሠራቸው ሁሉ እኔ የምወደው የምትሃተኞችን ዋንጫ ነው። ሦስት ዋንጫና ትናንሽ ኳሶች፤ ኳሷ እዚህ ናት ስትሉ እዚያ የምትገኝበት ጨዋታ። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ሳይቀር በደብዳቤው አንስቶታል፤ የቆየ ጥበብ ነው።

ዋንጫው ቀላል ይመስላል እንጂ ልክ የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ መሃላቸው ኳስ የሚደበቅበት ክፍተት መኖር አለበት። ሲነሳም እርስ በርሱ መያያዝ የለበትም። ጠርዙ ደግሞ ሁልጊዜ ከጠረጴዛ ጋር ስለሚጋጭ ጠንከር ማለት አለበት።

አንድ ደንበኛ የናስ ዋንጫ አዘዘን። 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ያለበትን ናስ መረጥን። ለዚህ ሥራ እሱን የሚያክል ናስ የለም፤ ሳይቀደድ ይሳባል። ለመቁረጥ እንዲመች እርሳስ የገባበት ናስ ግን እዚህ አይሆንም፤ ሲገፉት ይተረተራል።

ናስ በተገፋ ቁጥር ይጠነክራል። ስለዚህ መሃል ላይ አሙቀን እናለሰልሰውና እንቀጥላለን። ቅርጹ ካለቀ በኋላም አንድ የመጨረሻ ማሞቂያ አለ። ያን ጊዜ ትዕዛዙ ተጣድፎ ስለነበር ኃላፊያችን «ይሄን እንዝለለው፤ ጠርዙም እንዳይለሰልስ» አለ። ዋንጫዎቹ ተወልውለው ወጡ። ደንበኛው ደስ ብሎት ሄደ።

ከወራት በኋላ ይዟቸው መጣ። ሁለቱ ላይ ከጠርዙ ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። «አልወደቁም፤ ሳጥን ውስጥ ነበሩ» አለ ቅር ብሎት። ኃላፊያችን ላሜራውን የሸጠልን ሰው ጋ ሊደውል ስልኩን አነሳ።

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያችን ግን ዋንጫውን ወደ ብርሃን አዙረው ስንጥቁን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ስርጉደት የለ፣ የምት ምልክት የለ። «ልጄ፣ በምንድን ነው የምትወለውላቸው?» አሉት። ሰውየው ከቦርሳው የማጽጃ ጠርሙስ አወጣ። ክዳኑ ሲከፈት የአሞኒያው ሽታ አፍንጫችንን ሰነፈጠው።

ጋሼ ወዲያው ገባቸው። ላሜራ ሲገፋ ውጥረት ውስጡ ታምቆ ይቀራል፤ በዓይን አይታይም። የዘለልነው የመጨረሻ ማሞቂያ ሥራው ይህን ውጥረት ማርገብ ነበር። ውጥረት ያለበት ናስ ከአሞኒያና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዚሁ ነገር ተቸግሯል። የጥይት ቀለሆቹ በዝናብ ወቅት እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር። የሚከማቹት ፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር፤ አሞኒያው የመጣው ከፈረሶቹ ሽንት ነው። ነገሩ በጥናት የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የጥይት ቀለህ ናስ ደግሞ ያው 70 በ30 ነው፤ የኛው ዋንጫ ናስ።

ጋሼ በቃል ብቻ አላለፉትም። ከዚያው ትዕዛዝ የተረፉ ሁለት ዋንጫዎች ነበሩ። አንዱን በ250 እና በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሃል ለአንድ ሰዓት አሞቁት፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ከአሞኒያ ጋር አሳደሯቸው። ጠዋት ስንከፍተው ያልሞቀው ከጠርዙ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። የሞቀው ከመጥቆሩ በቀር ደህና ነው። ኃላፊያችን ጠርዙን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ፍንክች አላለም። ናስ በደንብ የሚለሰልሰው ከ400 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ስጋት ከንቱ ነበር። እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ማሞቂያ ሳያይ የወጣ ዋንጫ በእጄ ለደንበኛ አልሰጥም።

ደንበኛው «ታዲያ መዳብ ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ንጹህ መዳብ እንዲህ ያለ ስንጥቅ እምብዛም አይነካውም። ግን ከናስ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይሰረጉዳል፤ ላሜራው ወፈር ማለት አለበት። ወፍራም መዳብ ደግሞ እጅ ላይ ደስ የሚል ክብደት አለው። አሉሚኒየም ክብደቱ የመዳብን ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ለእጅ ይቀላል፣ ለኔ ግን ጣዕም የለውም።

ሰውየው በናሱ ጸና። አሮጌዎቹን በብየዳ አድኑልኝ ቢለንም እምቢ አልን፤ ውጥረት ያለበት ናስ በድንገት ሲሞቅ ስንጥቁ ይብስበታል። አዲስ ሠራንለት፤ ሰዓቱን ሙሉ ከሞቁ በኋላ ነው ወደ ውልወላ የሄዱት። ማጽጃውንም አሞኒያ በሌለው እንዲቀይር ጋሼ በወረቀት ጽፈው ሰጡት።