ጡት በጣሉ የአሳማ ግልገሎች ላይ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን የቀነስኩበት መንገድ

የአሳማ እርባታውን የጤና ክትትል ስረከብ ጡት የጣሉት ግልገሎች በሙሉ፣ የታመመውም ያልታመመውም፣ ኮሊስቲን የተባለው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት መኖ ይበሉ ነበር። ይህም ሆኖ ጡት በጣሉ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ሰውነታቸው ደርቆ ዐይናቸው ይሰረጉዳል፤ ማታ ደህና ከነበሩት ጥቂቶቹም ሲነጋ ሞተው ይገኛሉ። በእርባታው የተለመደው መፍትሔ የመድኃኒቱን መጠን መጨመር ወይም በሌላ መተካት ስለነበር፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ማወቅ የፈለግኩት በሽታውን የሚያመጣው ምን እንደሆነና መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ነው።

ናሙና የወሰድኩት ተቅማጡ ገና ከጀመራቸውና መርፌ ካልተወጉ ግልገሎች ፊንጢጣ፣ እንዲሁም ከሞቱ ብዙ ካልቆዩት ትንሽ አንጀት ነው። በድን ሲቆይ በአንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ስለሚባዛ፣ በሽታውን ያመጣውን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ላቦራቶሪው ያገኘው ኤፍ4 የተባለ ፀጉር መሰል መጣበቂያ ያለው ኢ ኮላይ ነበር። ይህ ባክቴሪያ በመጣበቂያው ከትንሹ አንጀት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም አንጀቱ የሰውነትን ውሃና ጨው እንዲያፈስ ያደርጋል። ሮታ ቫይረስም ተቅማጥ ስለሚያመጣና አንቲባዮቲክ ቫይረስን ስለማይገድል፣ ይህን መለየት ብቻውን የምርመራውን ድካም የሚክስ ነበር።

የመድኃኒት ምርመራው ውጤት አሳሳቢ ነበር። ባክቴሪያው አምፒሲሊን፣ ቴትራሳይክሊንና ትራይሜቶፕሪም ሰልፋ የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ተላምዷል፤ ማለትም አይገድሉትም። ኮሊስቲንን በተመለከተ ግን በመድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት በባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ በማስቀመጥ የሚደረገውን የተለመደ ምርመራ አልተቀበልኩም፤ የኮሊስቲን ሞለኪውል ትልቅ በመሆኑ በማሳደጊያው ውስጥ በደንብ ስለማይሰራጭ ውጤቱ አያስተማምንም። በፈሳሽ ማሳደጊያ ደረጃ በደረጃ እየተቀጠነ እንዲመረመር ስጠይቅ ባክቴሪያው በሊትር ከ2 ሚሊግራም በላይ በሆነ ኮሊስቲን ውስጥ አደገ፣ ማለትም ኮሊስቲንንም ተላምዷል፤ ቀጥሎም ይህን መላመድ የሚሰጠው ኤምሲአር-1 የተባለው ዘረመል እንዳለው ተረጋገጠ። የቻይና ተመራማሪዎች ይህን ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሲያደርጉ ከአሳማ፣ ከሥጋና ከሆስፒታል ታካሚዎች ማግኘታቸውን ገልጸው ነበር፤ ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሊስቲን ለእንስሳት ማፋፊያነት በመኖ ውስጥ እንዳይጨመር ከልክላለች። ዘረመሉ ፕላዝሚድ በተባለ፣ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በሚተላለፍ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ስለሚገኝ ከአሳማው አንጀት ወደ ሠራተኛው፣ ከሠራተኛውም ወደ ቤተሰቡ ሊሻገር ይችላል። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ለጽኑ ሕሙማን የሚቀርብ መድኃኒት መሆኑን ሳስብ፣ በእኛ መኖ ውስጥ መቀጠሉን ልቀበለው አልቻልኩም።

መድኃኒቱን ከመኖው ከማስወጣቴ በፊት ግን ሌላውን ሁሉ ማስተካከል እንዳለብኝ ከስዊድን ታሪክ ተረድቼ ነበር። ስዊድን አንቲባዮቲክን ለማፋፊያነት መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ1986 ስትከለክል ጡት በጣሉ ግልገሎች ላይ ተቅማጥ ጨምሮ ነበር፤ ችግሩ የቀለለውም አያያዙና አመጋገቡ ሲሻሻል ነው። ስለዚህ በ21 ቀን ይደረግ የነበረውን ጡት ማስጣል ወደ 28 ቀን አራዘምኩ፤ የተለያዩ እናቶችን ልጆች ማደባለቅን በተቻለ መጠን አስቀረሁ፤ ወለሉ ደረቅ፣ አየሩ ደግሞ ወደ 28 ዲግሪ የሚጠጋና ንፋስ የማያስገባ እንዲሆን አደረግኩ። የመኖው ፕሮቲን ሲበዛ ያልተፈጨው ትርፍ ለባክቴሪያ ምግብ ስለሚሆን፣ ፕሮቲኑን ቀንሼ የጎደሉትን አሚኖ አሲዶች ለይቼ ጨመርኩ። አንድ ቡድን ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ ክፍሉም ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላ ቡድን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ያሰብኩበት ክትባቱ ነበር። እናቲቱን መከተብ ግልገሉን የሚጠብቀው በእንገርና በወተት አማካይነት በመሆኑ፣ ጡት ሲጥል ያ ጥበቃ ይቋረጣል። ስለዚህ ግልገሎቹ ራሳቸው ጡት ከመጣላቸው ከአንድ ሳምንት በፊት በአፍ የሚሰጥ ሕያው ክትባት እንዲወስዱ አደረግኩ። ክትባቱ ሕያው ኢ ኮላይ ስለሆነ በዚያው ሰሞን የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ሊገድለው ይችላል፤ በመሆኑም መድኃኒቱ የሚቆምበትንና ክትባቱ የሚሰጥበትን ቀን አጣጥሞ መያዝ ግድ ነበር።

ዚንክ ኦክሳይድ በብዛት ከመኖው ጋር እንዲቀላቀል የመከሩኝም ነበሩ። ተቅማጥን እንደሚቀንስ አይካድም። ይሁን እንጂ ዚንኩ በፍግ አማካይነት አፈር ውስጥ ይከማቻል፤ ከዚህም በላይ በአሳማ ላይ በሚገኘው፣ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በተላመደው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ዚንክን ለመቋቋም የሚያስችለው ዘረመል ብዙ ጊዜ ከመድኃኒት መላመጃው ዘረመል ጋር አብሮ ስለሚጓዝ፣ ዚንኩ ራሱ መድኃኒት የተላመደውን ባክቴሪያ ያበዛል። የአውሮፓ ኅብረትም ዚንክ ኦክሳይድን እንደ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን መጠቀሙን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ አስቀርቷል።

ለውጡ ሥር ከያዘ በኋላ ተቅማጡ ፈጽሞ ባይጠፋም በጥቂት ግልገሎች ላይ ብቻ የሚታይ ሆነ። የታመመ ግልገል መብላት ስለሚያቆም መኖ ውስጥ ያለ መድኃኒት የሚደርሰው ለጤነኛው ነው፤ ስለዚህ አሁን የታመመውን ለይቼ የጨውና የስኳር ውህድ አጠጣዋለሁ፣ ካስፈለገም በላቦራቶሪ የተመረጠውን መድኃኒት እንደ ክብደቱ አስወጋዋለሁ። መድኃኒት የተላመደው ኢ ኮላይ ኮሊስቲን ከቆመ በኋላም ከጋጣው ናሙና ወዲያው አልጠፋም፤ አንድ ፕላዝሚድ የበርካታ መድኃኒቶችን መላመጃ አብሮ ሊሸከም ስለሚችል፣ የአንዱን መድኃኒት መቆም ብቻ ተመልክቼ ክትትሉን አላላላሁም።

ስትሬፕቶኮከስ ሱዊስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ምክንያት የማጅራት ገትር ምልክት ያሳየ፣ በጎኑ ወድቆ እግሩን የሚያንፈራግጥ ግልገል ሲገጥመኝ ግን የላቦራቶሪ ውጤት አልጠብቅም። ፔኒሲሊንና የእብጠት መቀነሻ ወዲያው እንዲወጋ አደርጋለሁ፤ በዚህ በሽታ የሰዓታት መዘግየት ግልገሉን ይገድለዋል።