«አልከፈሉም፤ ተሰርዘዋል»

ሰማዩ ጠቁሮ ስለዋለ ይሁን ወሩ ግንቦት ስለሆነ እንጃ፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልቤ ከብዶኝ ነበር። ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተዋጉትን ጦርነት በቤታችሁ ምን ብለው ይጠሩታል? ደብተሮቹን እንደ ደረደርኩ ማረም ጀመርኩ። አብዛኞቹ «የባድመ ጦርነት» ብለዋል፤ አንዱ «የሻዕቢያ ወረራ» ሲል ጽፏል። ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ግን አያቷ አስመራ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ «ወራር» እንደሚሉት ጽፋ፣ ከሥሩ በእርሳስ «ለእነርሱ ወራሪዎቹ እኛ ነን» ብላ ጨምራለች።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ውሳኔዎችን በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፌላቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በሁለቱ አገሮች ስምምነት ከተቋቋሙት ኮሚሽኖች አንዱ፣ ድንበሩን እንዲለይ የተሰየመው የድንበር ኮሚሽን፣ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ባድመ በኤርትራ በኩል ዋለች። የጦርነቱን ጉዳት መርምሮ ካሳ የሚወስነው የካሳ ኮሚሽን ደግሞ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ኤርትራ በግንቦት 1990 በባድመና በአካባቢዋ ላይ የፈጸመችው ጥቃት የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የጣሰ መሆኑን ወሰነ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ መሬቱ የራሳቸው ከሆነ የራሳቸውን መውሰዳቸው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ኤርትራም የተከራከረችው በዚሁ መንገድ ነበር። የኮሚሽኑ መልስ፣ ቦታው በወቅቱ በሰላም የሚተዳደረው በኢትዮጵያ እንደ ነበረና በዓለም ላይ የድንበር ክርክር የበዛ በመሆኑ ባለመብት ነኝ ያለ ሁሉ ጦር እንዲያዘምት ቢፈቀድ ክልከላው ትርጉም እንደሚያጣ የሚገልጽ ነው። ይህን ሳስረዳቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ መያዝ እንደሚከብዳቸው ከፊታቸው አነበብኩ፤ ለእኔም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያው የካሳ ኮሚሽን በእኛም ላይ ፈርዷል። የኢትዮጵያ ጦር በኤርትራ የሰንዓፈን አካባቢ ይዞ በነበረበት በግንቦት 1992 ዓ.ም. ሐውልተ መጠራ በፈንጂ በመመታቱ ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓል። ልጆቹ በአክሱም ሥልጣኔ ምዕራፍ የተማሩት፣ ፀሐይና ጨረቃ የተቀረጹበት፣ በግዕዝ የተጻፈበት ሐውልት ነው። ይህን ስነግራቸው ከጦር ግንባሩ ወሬ ሁሉ ይበልጥ ደነገጡ።

ደብተሮቹን አርሜ ሳልጨርስ ግን ተነሥቼ ከቁም ሣጥኑ የአባቴን የዕድር መዝገብ አወጣሁ። ለነገው ክፍለ ጊዜ የሰፈር ሰነድ ይሆነኛል ብዬ ካሰብኩ ሰንብቻለሁ። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ የዕድሩ ጸሐፊ ነበር፤ ጽሕፈቱ እንደ ታተመ ፊደል ያምራል። በ1991 ዓ.ም. ገጽ ላይ፣ ከጋሼ ተ. ስም ትይዩ፣ «ከሐምሌ 1990 ጀምሮ አልከፈሉም፤ ተሰርዘዋል» ይላል።

ቃል በቃል እውነት ነው። አልከፈሉም። የዕድሩ ደንብ ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል እንደሚሰረዝ ይደነግጋል። ጋሼ ተ. ግን በሰኔ ንጋት ላይ ከቤታቸው ተወስደው፣ ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው ከኢትዮጵያ ከተባረሩትና በአውቶቡስ ወደ ድንበር ከተሸኙት ወደ 75,000 ከሚጠጉ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ኤርትራዊ ለመባላቸው ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በሚያዝያ 1985ቱ የኤርትራ ነጻነት ሪፈረንደም (ሕዝበ ውሳኔ) ድምፅ መስጠታቸው ነበር፤ ድምፁን ደግሞ የሰጡት እዚሁ አዲስ አበባ፣ መንግሥት ፈቅዶ ባዘጋጀው ጣቢያ ነው። በአጥራችን ቀዳዳ ሳይ አባቴ ጎናቸው ቆሞ ሻንጣቸውን ይዞላቸው ነበር። በዓመቱ የባለቤታቸው እናት ሲያርፉ ድንኳኑ አልተተከለም። እናቴ ብቻዋን ንፍሮ ቀቅላ ይዛ እንደ ሄደች አስታውሳለሁ።

በሌላም ወገን ያለውን አልዘነጋም። ከተማሪዎቼ የአንዱ እናት ከተወለደችበት ከአሰብ ወጥታ፣ ንብረቷ ሁሉ ቀርቶ፣ በሰው ቤት ጥግ ያደገች ናት፤ ልጇ ያንን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎታል። የእኔ አጎትም በጾረና ግንባር ቀርቷል፤ አባቴ ያንን መስመር በጻፈበት ሰሞን የታናሽ ወንድሙን ደብዳቤ እየጠበቀ ነበር። ምናልባት ፈርቶ ነው፤ የተባረረ ሰው ስም በመዝገብ ማቆየት ያስጠይቅ ይሆናል። ምናልባት ደንቡን ብቻ ተከትሎ ነው። ምናልባትም በዚያ ሰሞን አምኖበት ነበር፤ ይህኛውን ለማሰብ አቅም አጣለሁ።

ሰነድ ስንመረምር ለልጆቹ የማስይዛቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ምንስ ሳይጽፍ ተወ? በጋዜጣ፣ በመግለጫ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ሁሉ አስጠይቄያቸዋለሁ። አባቴን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የአስመራ ስልክ ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ ዘመድ ፍለጋ ሲደውል፣ የጋሼ ተ.ን ቁጥር የሚያውቅ ከቤታችን አልነበረም።

የሚቀጥለውን ገጽ ገለጥኩ። የአባወራዎቹ ተራ ቁጥር በዚያው ውብ ጽሕፈት እንደገና ተስተካክሏል፤ 41ኛ የነበርነው 40ኛ ሆነናል። ዝምተኛዋ ልጅ ነገ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ ተራዋ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ታነባለች። ይህን መዝገብ ይዤ ልግባ?